ጣት መቁጠርን የግላቸው ላደረጉት ለጓድ የሻው

ለተከበሩ ጓድ የሻው፣
የቀጠናችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለነበሩት፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? አዲስ የተመደቡበት ቆላ ሙቀቱ እንዳይጎዳዎ እየተመኘሁ፣ እኛ ከነመንደራችን ደኅና መሆናችንን፣ ይልቁንም እርስዎ ከሄዱ ወዲህ መፋፋታችንን በትሕትና አስታውቃለሁ። እኔ ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች የምኖረው የዓይነ ስውሩ የመሪጌታ ምስጋኑ ልጅ ባንችይርጋ ነኝ። የማመሰግንዎት ነገር ብዙ ስለሆነ በተራ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ። አባቴ በዓልና ገበያ በሚመጣው ዓመት በምን ቀን እንደሚውል በጣት አንጓ የሚታወቅበትን አቋራጭ አውጥቶ፣ በመሠረተ ትምህርቱ ዳስ ለሴቶች ሲያስተምር፣ እርስዎ ሁለት ቀን በር ላይ ቆመው ጻፉ። በሦስተኛው ቀን አልመጡም። በሳምንቱ ዘዴው በስቴንስል ተባዝቶ፣ «አግኚ፦ ጓድ የሻው። ያለ ፈቃድ መጠቀም፣ ማስተማርም ሆነ ማሻሻል ክልክል ነው» ተብሎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ደረሰን።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። አባቴ ትከሻዬን ይዞ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ «በሬዬን ቢወስዱት ያለ በሬ እቀራለሁ፤ ቁጥርን ግን ብሰጥዎ ከእኔ አይጎድልም። የማይጎድል ነገር እንዴት ይታጠራል?» ሲልዎ፣ «ማረሻ የሠራ ሰው የማረሻው ባለቤት ነው፤ ዘዴም እንደዚያው ነው» ብለው አስረዱት። ይህኛውን ማረሻ ማን እንደሠራው ለመናገር ግን ጊዜ አጠረዎት።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ጨው ነጋዴዋ ጀውሀራ፣ የመስቀል በዓል በምን ቀን እንደሚውል ብትጠይቀው፣ አባቴ እንደ ልማዱ ጣቱን ቆጠረ። ያለ ፈቃድ ቆጥሯል ተብሎ ሰማንያ ዓመቱን ይዞ በገበሬ ማኅበሩ ጎተራ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ጠባቂው ጣቱ እንዳይንቀሳቀስ እንዲያይ ታዞ ነበር። ከወጣ በኋላ እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም፤ ለመብላት እንኳ እኔ ነበርኩ የማጎርሰው።

ነሐሴ ላይ የ1976 ዓ.ም.ን የገበያ ሠንጠረዥ አወጡ። መስከረም 7 የገበያችን ቀን ቅዳሜ ነው ብለውም፣ ገበያችን ሞልቶ ሳለ እንዲያዩት የበላይ እንግዶችን በደብዳቤ ጠሩ። ለአባቴ ባነብለት፣ «ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት። እንዲህ ሲሆን በአንድ አንጓ ፈንታ ሁለት ይታለፋል። በሦስተኛው ቀን ያስተማርኩት ይኸንኑ ነበር። ሂጂ ንገሪው፤ ሰው ነው፣ ይዋረዳል» አለኝ።

«ማሻሻል ክልክል ነው፣ አባዬ» አልኩት።

እርሱ ለመነኝ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ሴቶቹም ሁሉ ያውቁ ነበር። እንደዚያ ሰሞን ትእዛዝዎን አክብረን አናውቅም።

ዕንቁጣጣሽ ሰኞ ሲውል ስሕተቱ ገባዎት፤ እንግዶቹ ግን መንገድ ጀምረው ነበር። እሑድ ይገበይ ብለው ቢያዙም ሕዝቡ ቅዳሴ ሄደ። ሁለት ላንድሮቨሮች ባዶው ሜዳ ላይ ሲቆሙ እኔ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለስኩ ነበር። አንዱ እንግዳ፣ «ገበያው የታለ?» ቢለኝ፣ «ትናንት ነበር፣ ጓድ» አልኩት። «ታዲያ ለምን ዛሬ ተጠራን?» ሲል ደግሞ፣ «ለመቁጠር ፈቃድ የለኝምና ባለቤቱን ይጠይቁልኝ» አልኩ።

ያን ጊዜ እርስዎ ከእንግዶቹ ጎን ቆመው ምን እንዳሉ አልረሳሁም። «ዘዴው የእኔ አይደለም፤ ያ ዕውሩ መሪጌታ ነው ያሳሳተን» አሉ። አባቴ አግኚ ሆኖ የተጠራው በዚያች ቀን ብቻ ነው። እኔም ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ የያዝኩትን ወረቀት ፈትቼ ለእንግዳው ሰጠሁት። ስምዎን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው። እርስዎ መሬት መሬት አዩ። በጥቅምት ተዛወሩ።

አባቴ ነገሩን ስነግረው አልሳቀም። «ክፉ ሆንሽ፣ ልጄ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሆኛለሁ፤ ንስሐም አልገባሁበትም። በማግስቱ ግን ሴቶቹ ቤታችን መጥተው በዙሪያው ሲቀመጡ፣ እጁን ከጋቢው አወጣ።

ውለታዎን እስክትሞት የማትረሳ፣ ጤናዎንና ረጅም የኀፍረት ዘመን የምትመኝልዎ፣

ባንችይርጋ ምስጋኑ
ታኅሣሥ 1976 ዓ.ም.፣ ላስታ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ማንም ያለ ፈቃድ ሊገለብጠው፣ ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል። በኮን ገበያ እስካሁን አሥራ አንድ ግልባጭ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ከእኔ የበለጠ ሰድቦዎታል፤ አልከለከልኩም።