ሁለት እጅ የሚሻው እንጨት መፍለጫ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሙሀመድሰዒድ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህን ያምህ የነበረው ቁርጥማት ተወህ ወይስ የዚያ አገር ብርድ አባሰብህ? እንቅልፍስ ታገኛለህ? የሚለበስ በቂ ልብስ አላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ዓይኗ ደከም ብሏል እንጂ ደህና ናት። ከሐሙሲት በኩል የሚመጣውን አውቶቡስ ጡሩምባ በሰማች ቁጥር ደጅ ትወጣለች። እኛም ተይ አንላትም።

ቦታዬን ጠብቂልኝ፣ መጥረቢያዬንም ማንም እንዳይነካብኝ ብለህ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። መጥረቢያህ ከዳቦ ቤቱ እቶን ኋላ፣ ካስቀመጥህበት አልተነሣም። አልፎ አልፎ እጀታውን ዘይት አስነካዋለሁ። ስለ ቦታህ ግን የምነግርህ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህም እንዴት እንደምጀምረው ጨንቆኝ ነው።

አንተ ለብሔራዊ ውትድርና ስትሄድ፣ ጎረቤታችን አያ ክንዱ እስክትመለስ ድረስ በቀበሌው ዳቦ ቤት በቦታህ እንጨት ሊፈልጡ ገብተው አልነበር? በዚያ ዕድሜያቸው! ታንኳቸውን ለልጃቸው ከሰጡ ወዲህ ቤት መዋል ሰልችቷቸው ነበር። ጠዋት የዳቦ ቤቱን በር ስከፍት «ቦታ ጠባቂው መጥቷል» እያሉ ይገባሉ።

ዘንድሮ የዳቦው ፈላጊ በዛና በመጥረቢያ የሚፈለጠው አልበቃ አለ። ከሰባታሚት በጋሪ የሚመጣው የባሕር ዛፍ ግንድ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ይውላል፣ እኛ ደግሞ ሊጣችን ኩፍ ብሎ እንጨት እንጠብቃለን። ስለዚህ የቀበሌው ኮሚቴ መፍለጫ መኪና ይገዛ አለ። ሁለት ዓይነት ለሙከራ ግቢያችን ድረስ መጣልን። አንደኛው ባለ ሞተር ነው፤ ግንዱን ቀስ እያለ ገፍቶ ከሚሰነጥቀው ብረት፣ ከሽብልቁ ጋር ያገናኘዋል። ሁለት እጀታ አለው፤ ሁለቱም በሁለት እጅ ካልተጨበጡ አይንቀሳቀስም፣ አንዱን ለቀቅ ሲያደርጉት ቀጥ ይላል። ሌላው የእጅ ነው። አንዱ ሰው ግንዱን ደግፎ ይይዛል፤ ጉልበት ያለው ሌላ ሰው ደግሞ ሽብልቅ ያለበትን ከባድ ብረት በማንሻው ከፍ አድርጎ ይለቅቀዋል፤ ሽብልቁ ግንዱ ላይ ይወርዳል።

ስብሰባው ላይ ሊቀመንበሩ ጓድ ዳኘው፣ ከእቶኑ ጋር የምትውለው ዘይነት ስለሆነች የእሷን ቃል እንስማ አሉ። ባለ ሞተሩ እንደሚሻል ልቤ ያውቀው ነበር። ግን ለእሱ አንድ ሰው ይበቃዋል፣ ያውም ጉልበት የሌለው። የእጁ መፍለጫ ግን ወንድ ይፈልጋል። ያንተ ቦታ ታየኝና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ናፍጣው በኩፖን ነው፣ መለዋወጫውም ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም፣ ቆሞ ቢቀርብንስ አልኋቸው። ውሸት አልነበረም፤ የእኔ ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። አመኑኝ፣ የእጁ ተገዛ።

የካቲት መጨረሻ ላይ አያ ክንዱ ግንድ ደግፈው ሳለ፣ ማንሻውን የያዘው ባልደረባቸው እጁ አዳለጠውና ብረቱ ያለ ጊዜው ወረደ። ጩኸታቸውን ስሰማ ሊጡ በእጄ እንዳለ ሮጬ ወጣሁ። ሻሼን ፈትቼ እጃቸውን ጠመጠምሁት። እሳቸው የእኔ መደንገጥ አሳስቧቸው አይዞሽ ልጄ ይሉኛል። ሐኪም ቤት የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ተቆረጠ። እኔ የማስበው ያንን ባለ ሞተሩን ነው። ሁለቱም እጅ እጀታ ላይ ቢሆን ኖሮ ጣት ከሽብልቁ ሥር ምን ይሠራ ነበር?

ከዚያ ወዲህ እማዬ ሰላት ላይ ቆየሽ ትለኛለች፤ ምን ብዬ ልንገራት? ለወንድሜ ብዬ የሰው አካል አጎደልሁ። አንተ ቦታዬን ጠብቂ አልኸኝ እንጂ እንዲህ አድርጊ አላልኸኝም። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ላካፍልህም አይደለም የምጽፍልህ።

የፊታችን ቅዳሜ ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰባል። አቅራቢው ባለ ሞተሩን አሁንም ሊለውጥልን እሺ ብሏል። ያኔ ለምን እንደተቃወምሁ ተናግሬ እሱ ይምጣ እላለሁ። ከመጣ ዳቦ ቤቱ ፈላጭ አያስፈልገውም። እጀታውንም እኔ እንድጨብጥ ነው ጓድ ዳኘው ያሰቡት። ቦታዬን ጠብቂ ያልኻት እህትህ ቦታህን ወሰደችው ማለት ነው። ስትመጣ የሚጠብቅህ ሥራ የለም። ቤት ግን አለህ፣ እኔም አለሁ። ብቻ ሁለት እጅህን ይዘህ ና።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ዱዓዋ እንደማይለይህ ንገሪው ብላኛለች። ልጄ ሸረፈዲን ስምህን መጻፍ ተምሯል፣ ከታች የተንጋደደው የእሱ ነው። አያ ክንዱም እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሃል። ቦታህን ጠብቄ ላስረክብህ ባለመቻሌ ይቅር በለኝ ብለሽ ጻፊልኝ ብለውኛል። እሺ አልኋቸው። መፍለጫው ሲመረጥ ስብሰባው ላይ ምን እንዳልሁ አያውቁም። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ሳልከተው ቤታቸው ሄጄ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ።

እህትህ ዘይነት
ባሕር ዳር፣ መጋቢት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.