ማይኮቹን ጣሪያ ላይ ሰቅያቸዋለሁ

ነጎድጓዴ፣

ለጥ ብለህ ስለተኛህ አልቀሰቀስኩህም። ኬብል ልወስድ ብቅ ብዬ ነው፤ ወደ አዳራሹ እየተመለስኩ ነው። ድስቱ ውስጥ ሩዝ አለ። ሳትበላ እንዳትመጣ፣ ሲርብህ ምቱን ታፈጥናለህ።

እርጥብ ሸሚዝህ ወንበሩ ላይ ነው። ረጅሙ የማይክ ማቆሚያ የልብስ ማስጫ አይደለም ብዬ ስንቴ ልንገርህ? ለዘፋኟ ስለሚያስፈልግ ወስጄዋለሁ።

የትናንቱን የልምምዱን ጠብ በተመለከተ።
ድራሙን ስትመታ መድረኩ ይንቀጠቀጣል፣ ማቆሚያዎቹም አብረው እየተንቀጠቀጡ ቀረጻዬን ያበላሹብኛል። ይሄ እውነት ነው። "ቀስ ብለህ ምታ" ያልኩበት አነጋገር ግን...
ይሁን። አንተም አኩርፈህ እራት ሳትበላ ተኛህ።

ማለዳ ሄጄ ከአዳራሹ ዘበኛ መሰላል ለመንኩ። የድራምህን ማይኮች በሙሉ በመቆንጠጫ ከጣሪያው ብረት ላይ ሰቀልኳቸው፤ እንዳይወድቁም በገመድ አስሬያቸዋለሁ። ዘበኛው ከታች ሆኖ፣ "ወንድሜ፣ ለዚች ጩጬ ማይክ ብለህ አንገትህን ልትሰብር ነው?" እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ግን ሠራ! መድረኩ ላይ ዘልዬ ሞከርኩት፤ ቀረጻው ላይ ምንም ንዝረት የለም።

ፊትህን የሚጋርድ ማቆሚያም አይኖርም። ይሄ የሚጠቅመው ለእናትህ ለእማማ ነው። ለዛሬው ኮንሰርት መምጣታቸውን ለምን አልነገርከኝም? ጠዋት ደውለው፣ "ልጄ ያንን ከበሮውን ሲደበድብ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ የት ብቀመጥ ይታየኛል?" አሉኝ።

ስለዚህ ዛሬ እንደ ልብህ ምታ። ከፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ወንበር ይዤላቸዋለሁ።