ያልተለቀመው ምስር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ሥርጉት፤

መድኃኔዓለም በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ። አቃቂም ዝናቡ ጀምሯል፣ ጭቃው እንደምታውቂው ነው።

ጁባ ላይ ሁለተኛ ምግብ ቤት ልከፍት ነው፣ ኩሽና መግባትም ትቻለሁ ካልሽኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ምግብ ቤቴ ውስጥ ጾመኛው ስለሚበዛ ተጣደፍኩ። ነጋዴውም «በማሽን የተለቀመ ነው» ስላለኝ ምስሩን ሳልለቅም ጣድኩት። በሃያ ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም። የክር ፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ ጋሽ ወንድዬ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጡ ጥርሳቸው ተሰበረ። ጠጠሩን ከነስባሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጡ። የፈረቃው ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሳይረን በጮኸ ቁጥር በር በር ሳይ ሰነበትኩ። ትናንት በሳምንቱ መጡ። ሰዎቻቸው በር ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል።

«መሰለች፣ ዛሬስ ለቅመሻል?» አሉኝ።

«በእጄ» አልኳቸው።

ተቀመጡ፤ ሰዎቹም ገቡ። ጋሽ ወንድዬ ግን አሁን በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚያኝኩት።

ልጄ፣ ሁለተኛውንም ቤት ክፈቺ፤ እሱ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ብቻ ነገ ጠዋት ኩሽና ገብተሽ ምስሩን ራስሽ ልቀሚ። ከዚያ ደውዪና ስንት ጠጠር እንዳገኘሽ ንገሪኝ።

እናትሽ መሰለች