ሠርከአዲስን ዝዋይ ማድረስ

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ዛሬ ከሲናና መንገድ እስከ ሮቤ ወፍጮ ቤት ሁለት ኩንታል ገብስ ጫንኩ። ከሰዓት ስድስት ሰው። ፈረሴ ዳማ ማነከስ ጀመረ… አይ፣ ሲያስመስል ነው። ገብሱ ሲወርድለት እግሩ ዳነ። ከእንደዚህ ዓይነት ፈረስ ጋር ጋሪ መንዳት ትዕግስት ይጠይቃል። እኔ ትዕግስቱ አለኝ።

መምህርት ሳምራዊት «የማታ ትምህርቱ አለቀ ብላችሁ እስክሪብቶ እንዳትጥሉ፤ በቀን ሦስት መስመር ጻፉ» ብላናለች። ሦስቱን አልፌያለሁ። ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ የወጣሁት በከንቱ አይደለም። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ እራት ሊሠሩ ቶሎ የሚወጡ እናቶች ነበሩ፤ ያ ግን የእኔ ጥፋት ነው?

ሠርከአዲስ ማታ ዝም አለች። ባለቤቴ ዝም ስትል ቤቱ ይጠበኛል።

«ምን ሆነሽ?»
«ምንም።»

ሰሐኑን እያነሣች፣ «ምኞት እኮ ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች።»

«ታዲያ ደስ አይልም?» አልኩ።

«ስለቱን ሳላገባ?»

ምኞት አንድ ልጃችን ናት። ስትወለድ እናትም ልጅም ተስፋ ተቆርጦባቸው ነበር። ያኔ ነው ሠርከአዲስ «ልጄን ካተረፍሽልኝ፣ ጥላ ይዤ ዝዋይ ደሴትሽ ድረስ እመጣለሁ» ብላ ለጽዮን የተሳለችው። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ሁለቴ ተነሥታ ሁለቴ ተመለሰች። አንዴ ከዲንሾ፣ አንዴ ከአዳባ። መኪና አይስማማትም። ማስታወክ ብቻ ቢሆን… ትቀዘቅዛለች፣ ትዝለፈለፋለች፣ ሰው ደግፎ ያወርዳታል። ጎባ ልጇ ዘንድ እንኳ የምትሄደው በእኔ ጋሪ ነው። ከመኪናው በኋላ ደግሞ ጀልባ አለ። ሁለት ሰዓት ውኃ ላይ።

አሁን ልጇ ምጥ ልትቀመጥ ነው። «ያበደርኩት ሳይሆን የተበደርኩት ነው የሚያስፈራኝ» አለች።

ጥቅምት 9

ይሄ አፌ። ኪያ ከምትባለው ሴት ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ «ዘንድሮ ለኅዳር ጽዮን ሠርኬን ደሴቷ ላይ ካላቆምኳት ኃይለመስቀል አይደለሁም» አልኩ። ሰው ሁሉ ሰማ።

አብዲ፣ እሱም እንደ እኔ ጋሪ ነጂ ነው፣ «ኦቦ ኃይሌ፣ በምን ልታደርሳት?»
«በምርምር።»

ወላሂ ሳቁ። ይሳቁ። ሲናና ምርምር ማዕከል ስንት ቀን ጭነት አመላልሻለሁ። ሰዎቹ ስንዴውን በትንንሽ መደብ ይዘሩታል፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጡታል፣ የሆነውን ይጽፋሉ። አንዱን ከአንዱ ያስተያያሉ። ያ ነው ምርምር። እኔስ ደብተር የለኝም?

ጥቅምት 14

ቁጥር አንድ፦ ዝንጅብል። ጥሬውን አኘከች። የጎባን ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ ሳይጋመስ ወረድን። በእግር ተመለስን። «አፌን አቃጠለው፣ ሆዴን ግን አልደረሰለትም» አለች።

ውጤት፦ ለሻይ ጥሩ ነው።

ጥቅምት 17

ቁጥር ሁለት፦ ሎሚ። ልጣጩን እየፋቀች ማሽተት። ግማሹን መንገድ አለፈች። የናፍጣው ሽታ ሲጠፋ ቀለል ይላል አለች። ከዚያ አንዱ ተሳፋሪ ጫማውን አወለቀ…

ውጤት፦ ሎሚውን የሚያሸንፍ ነገር አለ።

ጥቅምት 19

ቁጥር ሦስት፦ ባዶ ሆድ። የባሰ። የሚወጣ ነገር ሳይኖር መታገል። እጇ በረዶ ሆነ። በገዛ ምርምሬ አፈርኩ። ከዚህ በኋላ ትንሽ ደረቅ ቆሎ፣ ጥቂት ውኃ። ይሄኛው ሳይሞከር ጸድቋል።

ጥቅምት 23

ቁጥር አራት፦ ክኒን። የመድኃኒት ቤቱ ወንዶሰን ግፊት አለባት ወይ፣ ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ፣ ሁሉን ጠየቀኝ። «ከጉዞ ግማሽ ሰዓት በፊት ትዋጥ። እንቅልፍ ያመጣል» አለ። ወረቀቱን እዚያው ቆሜ አነበብኩለት። የማላውቀው ቃል ቢበዛም ድምፄን አልቀነስኩም።

ጎባ ደረሰች። ተኝታ። ተኝታ ተመለሰች። ማታ ወጡን ሁለቴ ጨው ጨመረችበት።

«ሠራ እኮ» ብላት፣ «ስለቴን ላገባ ስሄድ እንደ ጆንያ ተጭኜ ልሂድ? ነቅቼ ነው የተሳልኩት፣ ነቅቼ ነው የምደርሰው» አለች።

ውጤት፦ ይሠራል፤ አልተፈቀደም።

ጥቅምት 27

አንድ ጥያቄ ያዘኝ። መኪናም ይነቀንቃል፣ ጋሪም ይነቀንቃል። ጋሪው ላይ ለምን አያማትም? ከጎኔ ነው የምትቀመጠው… ፍጥነቱ ነው? ሽታው ነው? ዳማም ቢሆን ሽቶ አይሸትም።

እስቲ ልየው ብዬ ልጓሙን ለአብዲ ሰጥቼ፣ በገዛ ጋሪዬ ጀርባዬን ለፈረሱ ሰጥቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሥራ እንዳልፈታ የየሱቁን ጽሑፍ አነበብኩ። ሁሉንም። ጮክ ብዬ። «የሕንፃ መሣሪያ»፣ «ፀጉር ቤት»፣ «ቀለም አለ»። አብዲ «እንደ ሬዲዮ ሆንክ» አለ።

ስወርድ ሆዴ ትንሽ ዞረ። የማታው ሽሮ ነው።

ኅዳር 3

ዛሬ ከጎሮ የመጡ ሽማግሌ ጫንኩ። ኦቦ ዋቆ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል፣ ተራራውን ወጥተው ወርደው ደሎ መና፣ ቡና ሊጭኑ።

«እርስዎን መኪናው አያምዎትም ነበር?» አልኳቸው።
«መሪ ስይዝ አንድ ቀን አላመመኝም። ጡረታ ወጥቼ ከኋላ ብቀመጥ፣ ሪራ ሳልደርስ አስታወከኝ።»
«ምክንያቱስ?»
«ልጄ፣ ነጂ ኩርባውን ከመድረሱ በፊት ያውቀዋል። ሰውነቱ ይዘጋጃል። ተሳፋሪውን ግን ኩርባው ነው የሚያገኘው።»

ጋሪውን አቆምኩ። እውነት ነው… ሠርኬ ከጎኔ ስትቀመጥ ጉድጓዱን ሁሉ ከእኔ ቀድማ ነው የምታየው። «በዚያ በኩል፣ ዕውር ነህ?» እያለች።

ሂሳብ አልተቀበልኳቸውም። እሳቸውም አላስገደዱኝም።

ኅዳር 6

ቁጥር አምስት፦ ጋቢና። ዓይን ሩቅ፣ መንገዱ ላይ። መስኮት በትንሹ ክፍት።

ጎባ ደረስን። ቀጥ ብላ ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች። ምኞት በር ላይ አይታን «በምን መጣችሁ?» አለች። ሠርከአዲስ «በመኪና» አለች፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ዓይነት። ወጥ ቤት ገብታ ግን እጄን ያዘችኝ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

መንገዱ አጭር ነው ግን። የዝዋዩ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ውኃው ላይስ ምን ኩርባ አለ የሚታይ?

ኅዳር 19

ጥላው ተገዛ። ዘርፉ እንዳይበላሽ በላስቲክ ጠቀለለችው። ጾም ስለገባ በሶም ቆሎም ይዘናል። ሎሚ አሥር። መድኃኒቶቹን ሁሉ በቁጥር፣ በሰዓት፣ በቦታ ጻፍኩ። ዲንሾ ላይ ይሄ፣ አዳባ ላይ ያ። ሁለት ገጽ ሞላ። እሷ ከፊት ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ አነባለሁ። እንዲህ የተደራጀ ስለት ከሮቤ ወጥቶ ያውቃል?

«ካልቻልኩስ?» አለች።
«ትችያለሽ።»
«ሦስተኛ ጊዜ ከተመለስኩ ለልጄ ምን ብዬ ነው የምጸልየው?»

ሁለቱን ገጽ እንደገና አነበብኩ።

ኅዳር 20፣ ዝዋይ፣ አልጋ ቤት

ልጻፈው ወይስ ልተወው? ደብተሩ የራሴ ነው…

ያስታወከው እኔ ነኝ።

ከሮቤ ስንነሣ ሁሉም በሥርዓት ነበር። ሠርኬ ጋቢና፣ እኔ ከጀርባዋ። ደብተሬን ከፈትኩ። «ቁጥር ሁለት፣ ሎሚውን አሽቺ።» «ቁጥር አምስት፣ ሩቅ እዪ።» እውነቱን ከተናገርኩ፣ ተሳፋሪው ሳነብ እንዲያይልኝም ፈልጌያለሁ። ወደ ዲንሾ ሽቅብ ስንል ፊደሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጽሑፌ የተበላሸ መስሎኝ አቀርቅሬ አተኩሬ አየሁት። ላብ። ምራቄ በዛ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ «አባባ፣ ፊትዎ አመድ መሰለ» አለች።

«እኔ አላመመኝም፣ ሕመምተኛዋ ከፊት…» ብዬ ሳልጨርስ ረዳቱ ፌስታል አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ ደብተሩን ይዝጉት» አለኝ። «ስልክ እያዩ የሚሄዱትም እንዲህ ነው የሚሆኑት። ያቀረቀረ ሁሉ ያስታውከዋል።»

ይሄን በየቀኑ የሚያየው ረዳት ነው፣ እኔ ግን መናኸሪያ ሄጄ አንድ ረዳት አልጠየቅኩም። ያን ቀን በጋሪዬ ላይም ሆዴን ያዞረው ሽሮው አልነበረም። ሽሮውን ያለ ኃጢአቱ ወቀስኩት።

«ኃይሌ?» አለች ሠርኬ ከፊት።
«ደህና ነኝ።»
«ድምፅህ የደህና ሰው አይደለም።»

ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ሎሚ። ቆይታ ደግሞ ሌላ ሎሚ። ከዚያ ውኃ። ከዚያ «መስኮቱን ክፈቱለት» አለች፣ መኪናው የእሷ ይመስል። ሹፌሩ ይስቃል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አንድ ጊዜ «አሁን የት ደረስን?» ስትል ሰማኋት።

«አዳባን አለፍን እናቴ፣ ዶዶላ ልንገባ ነው» አላት ሹፌሩ።

ዝም አለች። የዛሬው ዝምታ ግን አልጠበበኝም።

ሻሸመኔ መኪና ቀየርን። እዚያም ጋቢናውን ለመነች፣ ራሷ። ሁለተኛውን ቦታ ደግሞ ለእኔ። «ሕመምተኛ ይዣለሁ» ብላ።

ኅዳር 21፣ ደሴቷ ላይ

ንፋስ ነበረ። ጀልባው ዘንድ ስደርስ ቆምኩ። ውኃው ቡናማ ነው፣ እየተነሣ ይወድቃል።

«አንቺ ከምእመናኑ ጋር ሂጂ፣ እኔ ዕቃውን ልጠብቅ» አልኳት።
«ምኑን ዕቃ?»

በሶውን አሳየኋት።

አልሳቀችም። ደብተሬን ከኪሴ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጥላውን አሸከመችኝ። «ሃያ አራት ዓመት በአንተ ፈረስ ተሸክመኸኛል፣ ና» አለች። መጀመሪያ የተሳፈረችው እሷ ናት። ከፊት፣ ከጀልባው አፍንጫ አጠገብ ተቀመጥን።

«የደሴቷን ጫፍ ብቻ እይ። እኔ ውኃውን አይልሃለሁ።»

ከዚያ ጀመረች። «መጣ።» ጀልባው ይነሣል። «አለፈ።» «ሌላ መጣ፣ ትንሽ ነው።» «ይሄኛው ትልቅ ነው፣ ያዝ።» ያዝኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ከኋላችን የነበሩት ሴቶችም ሳይታወቃቸው «መጣ» ስትል መቀመጫውን ይይዙ ጀመር። ውኃም ኩርባ አለው ለካ። ሠርኬ አስቀድማ ታየዋለች።

አንዴ ብቻ አስታወከኝ። ትንሽ።

ደርሰን ጥላውን ከላስቲኩ አወጣችው። ቄሱ «የማን ስለት ነው?» አሏት።
«የልጄ፣ አባቴ። ዘግይቼ ነው።»
«መጥተሻል እኮ» አሏት።

ጥላውን ሰጥታ እጇ ባዶ ሲሆን፣ የት እንደምታደርገው ጠፋት። ያዝኩላት።

ይህን የምጽፈው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። መሬቱ አይንቀሳቀስም። አረጋግጫለሁ።

ኅዳር 25

ኪያ ሻይ ቤት። ሰው ሞልቷል። አሁን ምን ሊል ነው ብለው ነው የመጡት። ሁሉንም እንደነበረ ነገርኳቸው። ደብተሩን፣ ፌስታሉን፣ ሎሚውን፣ ጀልባውን። «እሷን ምንም አልነካትም፣ ያስታወከው እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድም ሰው አላመነኝም።

አብዲ፣ «ኦቦ ኃይሌ፣ ጉራህን ለምደነዋል፣ ይሄ ግን አዲስ ዓይነት ነው። ሠርኬን ለማስከበር ራስህን አዋረድክ?»
«እውነቴን ነው።»
«እሺ፣ እሺ።»

ኪያ ሻዩን ስትቀዳ «የሠራው መድኃኒት የትኛው ነው ታዲያ?» አለችኝ። ጎሮ የምታገባ እህት አለቻት፣ እሷንም መኪና ያማታል። ደብተሩን ልከፍት እጄን ሰደድኩ… ተውኩት። «ሠርከአዲስን ጠይቂያት» አልኩ። አብዲ ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። ያኔ ነው ትንሽ ያመነኝ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 9

ጠዋት ከጎባ ሆስፒታል ስልክ ተደወለ። ምኞት ምጥ ይዟታል። «ቆይ፣ ጋሪውን ላዘጋጅ» ብዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ዳማን ጠመድኩት፣ ልጓሙን አሰርኩ፣ ለሠርኬ መቀመጫ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ይሄ ሁሉ ስንት ደቂቃ ቢፈጅ ነው?

ወደ ደጅ ብቅ ስል የለችም። አብዲ በር ላይ ቆሟል።

«ሄደች።»
«በምን?»
«በሚኒባስ ነዋ። አስቁማ ገባች። ጋቢና ሰው ነበረ፣ አስነሣችው።»

ከኋላዋ ጋለብኩ። ነፋሱ ፊቴን እየገረፈኝ፣ ብርድ ልብሱ ከጎኔ ባዶውን እየተንቀጠቀጠ። ምን እያሰብኩ እንደሄድኩ አላውቅም። ሆስፒታሉ ስደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ምኞት ተጋድማለች፣ ደክሟታል፣ ደህና ናት። ሴት ልጅ።

ሠርከአዲስ ሕፃኗን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ዞር ብላ አየችኝ።

«ምን አቆየህ?» አለችኝ።