ከስልሳ ስታልፍ የምትናገረው መኪና

ሰኞ

አገኘሁ! ደንበኛ አገኘሁ!

ጠዋት ወልዲያ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ወትሮው የሥራ ማስታወቂያ በስልኬ አገላብጣለሁ። ሐጅ ይመር የሚባሉ የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ የፒክአፓቸውን ፍሬን ሊያሠሩ መጡ። አጎቴ ከመኪናው ሥር ተኝቷል፤ እሳቸው ቆመው ስለ ልጃቸው ያማርራሉ። አንዋር ይባላል፤ ዐሥራ ስምንት ሞላውና መንጃ ፈቃድ አወጣ። «መንጃ ፈቃድ ነው ክንፍ ያወጣው?» ይላሉ። «ይሄን ፍሬን የበላው ማን ሆነና!»

አላስቻለኝም። «ሐጅ፣ ልጅዎን ከሩቅ የሚጠብቅልዎ ዕቃ እኔ ጋ አለ» አልኳቸው። አጎቴ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ በዐይኑ ሊውጠኝ ደረሰ። እኔ እንደሆነ ከጀመርኩ አላቆምም። ትንሿን ጂፒኤስ አወጣሁና ሲም እንደሚገባባት፣ መኪናዋ ከተወሰነላት ፍጥነት ስታልፍ ለባለቤቱ ሜሴጅ እንደምትልክ አስረዳሁ። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ሳጣ ጊዜዬን የጨረስኩት በእሷ ላይ ነው።

«ይናገራል?» አሉኝ።

«ይጽፋል።»

«ለኔ?»

«በቀጥታ ለርስዎ ስልክ።»

«አጃኢብ ነው!»

የፍጥነቱ ልክ ስልሳ እንዲሆን ተስማማን። አንዴ አለፈ ብላ ከጻፈች ቁልፉ ሣጥን ይገባል፣ አንዋርም መኪና አይነካም። ዕቃዋ ከሠራች መርሳ ላይ መኪናም ጎረምሳም ያላቸውን ወዳጆቻቸውን ሁሉ ይልኩልኛል። ካልሠራች... እሱን አላስብም። መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬ ከመኪና ይቀድማል።

ማክሰኞ

ገጠምኳት! ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ማንም የማያያት ቦታ። አጎቴ ሲያሾፍ ዋለ፦ «ኢንጂነር፣ ያ ቀይ ሽቦ ይጮኻል፣ እንዳትነኪው!» ግን መብራቱን የያዘልኝ እሱ ነው።

አንዋር አባቱን ተከትሎ መጥቷል። ረጅም፣ ጸጉሩን የተቆረጠበት አቆራረጥ አባቱን የሚያስቆጣ። በሩን ተደግፎ እጄን ሲያይ ቆየና፣ «እህቴ፣ ፍየል ነኝ እንዴ ደወል የምታስሪልኝ?» አለኝ።

«ደወል የሚታሰረው እንዳይጠፋ ለሚፈለግ ፍየል ነው» አልኩት። እኔ ራሴ በመልሴ ተገረምኩ።

ለሙከራ አጎቴ ወደ ሲሪንቃ በኩል ነዳ፤ እኔ ጎኑ። ሜዳው ላይ ከስልሳ አሳለፈው። ተመልሰን ስንመጣ ሐጅ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እያውለበለቡ ተቀበሉን። «ጮኸ! ደረሰ! ማሻአላህ!» መሐል መንገድ ላይ መዝለል ቀረኝ እንጂ ሌላ አልቀረኝም።

ረቡዕ

ለሥራዬ ስም ሳወጣና ስሰርዝ ዋልኩ። «ዐይን»? የዐይን ሐኪም ይመስላል። «ጥበቃ»? ዱላ የያዘ ዘበኛ ይመስላል። መጀመሪያ መርሳ፣ ከዚያ ውርጌሳ፣ ከዚያ ሐራ፣ ከዚያ ማን ያውቃል ደሴ! እናቴ «ጥጃው ሳይወለድ ወተቱን አታካፍይ» አለችኝ። ይሁን።

አላስችል ሲለኝ ከሰዓት ለሐጅ ደወልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉኝ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ሜሴጅ በሜሴጅ ነው! ዕቃሽ ልጄን ሲያመሰግን ይውላል።»

«ሲያመሰግን?»

«አዎ! አላህ ይባርክሽ ልጄ።»

አመስግኜ ዘጋሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ነገሩን አሰብኩት። ዕቃዋ ማመስገን አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ አለፈ ማለት ብቻ። ሜሴጅ በሜሴጅ ከሆነ...

ነገ መርሳ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

ሚኒባሱ ውስጥ እግሬ አላርፍ ብሎ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ሰው ታሞብሽ ነው?» አሉኝ። አይ እማማ፣ ሥራዬ ነው የታመመው።

ሐጅ ሱቃቸው በር ላይ፣ በማንጎ ሳጥኖች መሐል ተቀምጠዋል። አንዋር ከፒክአፑ ያወርዳል። ስልካቸውን ተቀብዬ ከፈትኩ። እንደፈራሁት ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም «ከፍጥነት በላይ»። አንዱ ላይ ያየሁትን ቁጥር እዚህ ልጽፈው አልፈልግም።

«ሐጅ፣ ይሄን ማን ነው የሚያነብልዎ?»

«ማን ያነብልኛል፣ አንዋር ነዋ! እኔ ቁርኣን እቀራለሁ፤ የፈረንጁን ፊደል ግን የት አውቄ። የቤቱን ሜሴጅ ሁሉ የሚያነበው እሱ ነው።»

«ምን ይላል ብሎ አነበበልዎ?»

«‹ልጅዎ በሥርዓት እየነዳ ነው፤ ዱዓ ያድርጉለት› ይላል። አደርግለታለሁ!»

ሳቄ አፍንጫዬ ድረስ መጥቶ ቆመ። ሳቁን የመለሰው ከሐጅ ጀርባ ሳጥን ታቅፎ እንደ ድንጋይ የደረቀው የአንዋር ፊት ነው። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ሽቦ ለክቼ፣ ሲም መርጬ፣ ፍጥነት ሞክሬ፣ ሜሴጁን የሚያነበው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ! እዚህ አገር የአባት ስልክ አንባቢ ልጅ መሆኑን እኔ አላውቅም? የእናቴን የባንክ ሜሴጅ የማነብላት ማን ሆነና!

«ዕቃዋን ትንሽ ላያት» ብዬ ወደ መኪናው ሄድኩ። አንዋር ተከተለኝ።

«በአላህ እህቴ፣ ቁልፉን ከወሰደብኝ አበቃልኝ።»

«ብትገለበጥስ?»

ያቀፈውን ሳጥን አወረደ። መሬት መሬት እያየ፣ «ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ሜሴጁ በመጣ ቁጥር እውነት ዱዓ ያደርጋል። እጁን ዘርግቶ። አጠገቡ ቆሜ አሚን እላለሁ» አለኝ።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ራስህ ንገራቸው። ካልነገርካቸው እነግራቸዋለሁ» አልኩት። ስመለስ ግን እውነት እነግራቸው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ዓርብ

ሐሳብ መጣልኝ! ጽሑፍ የለም! ከስልሳ ስታልፍ ጋቢናው ውስጥ የሰው ድምፅ ይናገር። ካልቀነሰ ዕቃዋ ወደ ሐጅ ስልክ ትደውል። ጥሪ ለመስማት የማንም ፊደል አያስፈልግም። ከአሮጌ መጫወቻ ድምፅ መቅጃውን ነቀልኩ፣ አጎቴ የተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ሰጠኝ። «የኔን ድምፅ ቅጂበት» አለ፣ «እናቱን ሳልነካ እስከ ቅድመ አያቱ ስድብ አወርድለታለሁ።»

ስፒከሩ ገና «ኸርር» ሲል ሐጅ ደወሉ። ድምፃቸው ወርዷል።

«አንዋር ነገረኝ። ራሱ። ቁልፉን ሣጥን ከትቻለሁ። ዕቃሽንም ነይና ውሰጂ፣ ልጄ።»

ነገረ! ደስታና ድንጋጤ ባንድ ጊዜ። «ሐጅ፣ የነገን ቀን ብቻ ይስጡኝ» አልኩ። ሳይመልሱልኝ ጨመርኩ፦ «አደራዎን ሐጅ።» በመጨረሻ፦ «ነይ እስቲ።»

ቅዳሜ

ድካም የለም፣ ረሀብ የለም፣ ዛሬን ልጻፍ!

ሐጅን ስልኬ ላይ እንዲናገሩ ለመንኳቸው። ከስልኬ የምገለብጥበት መቅጃ ግን የሚይዘው አንድ እፍኝ ቃል ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፦ «ቢስሚላሂ። አሰላሙ ዓለይኩም አንዋር፣ እንዴት ዋልክ፣ ደህና ነህ ወይ፣ መንገዱ እንዴት ነው...» ቁርጥ! ሞላ።

«ሐጅ፣ ሰላምታው ይቅር።»

«እንዴት ይቀራል? ልጄን ሰላም ሳልለው ልቆጣው?»

እንደገና። አሁን የጎረቤቱንም ጤና ጠየቁ። ቁርጥ! እንደገና። አንዋር ከኋላችን ሳቁን ለማፈን ሳጥን ከምሮ ሲያነሳ የላይኛው ተንሸራተተና ማንጎው መሬት ላይ ተንከባለለ። ሐጅ ዞረው፦ «ቀስ በል እንጂ አንተ ልጅ! ቀስ በል!»

ስልኬ ይቀዳ ነበር። ይሄው ነው! ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ገጠምኩት። ቁልፉ ለሙከራ ብቻ ከሣጥን ወጣ። አንዋር መሪው ላይ፣ ሐጅ ጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ከመርሳ ወጣ አልንና «እለፈው» አልኩት። ሃምሳ አምስት፣ ስልሳ... «ቀስ በል እንጂ አንተ ልጅ!» የአንዋር እግር ሳያስበው ተነሳ። ሐጅ ደግሞ ከመቀመጫቸው ዘለው ወደ ኋላ ዞሩ።

«ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሐጅ።»

«ያረቢ! እንዲህ ነው እንዴ የምቆጣው?» እንባ እስኪመጣቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙና አንዋርን አዩት። «ነገ ማንጎውን ወልዲያ ብቻህን ታደርሳለህ። ስልኬ ከጮኸ በዚሁ አበቃ።»

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ፤ አንዋር ማንጎውን ከማራገፉ በፊት ዕቃዋን እንዳይ እዚህ ጎራ ይላል። አጎቴ «ባልሽን ነው የምትጠብቂው?» ይላል። መልስ አልሰጠሁትም። አንድ አይሱዙ አለፈ፣ ባጃጆች አለፉ። አንዋር የለም።

ስልኬ ጮኸ። ሐጅ ናቸው።

«ጮኸብኝ» አሉ።

አለቀ። መርሳም፣ ውርጌሳም፣ ስሙም።

«ቁልፉ የሚመለስበትን ሣጥን ልከፍት ተነሳሁ» አሉ ቀጥለው። «ገና ሳልደርስ ስልኬ ደገመ። አንዋር ራሱ ነው። ‹አቡዬ፣ አውቶቡስ ልቀድም ብዬ አለፍኩ፤ አንተ ተቆጣኸኝ፣ አልሰማሁም። አሁን ዳር አቁሜ ነው› አለኝ። ሳልጠይቀው! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ልጅ ሳልጠይቀው አንድ እውነት ነግሮኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ቁልፉ?» አልኩ።

«መኪናዋ መመለስ አለባት አይደል?» አሉኝ። «ይዟት ይመለስ። ማታ እናወራለን።» ሊዘጉ ሲሉ፣ «አብሽሪ ልጄ። ወዳጄ ሙሐመድም ልጅ አለው፤ እንዲህ ዓይነት ተናጋሪ ዕቃ እፈልጋለሁ ብሏል» አሉ።

ማታ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ቁልፉ ሣጥን ይግባ አንዋር ኪስ ይደር አላውቅም። አሁን ግን ያቺ ፒክአፕ ማንጎዋን ጭና፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለች፣ በጋራዡ በር እየገባች ነው።