ያልታመመችው እህቴ ትድንልኝ ዘንድ

ለተከበሩ የኪነ ጥበብ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ማዘጋጃ ክፍል ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ የሚመልሰኝ የበሩ ጥበቃም ጭምር እንደምን ከርማችኋል? ጤናውን ያብዛልዎ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ጤነኛ መሆንን ማስረዳት እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ በእህቴ አይቻለሁና በእርስዎ እንዲደርስ አልሻም።

መሥሪያ ቤትዎ ያሳተመውን ያንን ወፍራም መጽሐፍ በዚህች ከተማ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ። እርግጥ ከዳር እስከ ዳር ስል የእህቴን ገጽ ማለቴ ነው፤ የቀረውን ገለጥ ገለጥ አድርጌዋለሁ፤ ፎቶግራፎቹ ያምራሉ። ማንበብ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት የጨረስኩት በቅርቡ ስለሆነ አንድ ገጽ ማንበብ ለእኔ ቁም ሳጥን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ እንደመውጣት ነው። በግምት አይደለም የምናገረው፤ ሥራዬ የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ነው፤ በሰፈሬም «ክሬኑ» እባላለሁ። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ብሆንም ሰው ለምዶታል።

እህቴ ማለት እናንተ ሸምበቆ በሚለው የመድረክ ስሟ ያሰፈራችኋት፣ መድረክ ላይ አንዲት ቃል ሳትናገር ሰውን አንዴ የምታናድድ አንዴ የምታስለቅስ ያቺ ተዋናይት ናት። አንድ ሙሉ ገጽ ስለሰጣችኋት ቤተሰባችን ምስጋናውን በምን ቃል እንደሚገልጽ ቸግሮታል። መጽሐፉ የወጣ ዕለት እናቴና አክስቴ ተሰብስበው፣ እህቴ መሐላቸው ተቀምጣ፣ እኔ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እኔ ሳነብ ቃል በቃል ለቅሜ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚወስደኝ የማውቀው ከወሰደኝ በኋላ ነው። እናቴ በየቃሉ «እሰይ!» ትላለች። እንዲህ ስንል የመጨረሻው መስመር ደረስን፦ «በመጨረሻው ትርኢቷ መድረክ ላይ ተዝለፍልፋ በመውደቋ በቃሬዛ ተወሰደች፤ ከዚያ ወዲህ በጤና እክል ምክንያት ከመድረክ ርቃለች።» እናቴ «በቃሬዛ» የሚለው ላይም «እሰይ!» ብላለች፤ ከአፏ አምልጧት ነው። እህቴ ከት ብላ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን።

አሁን ግን ሳቁ አልቆብናልና ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መውደቋ ራሱ ትርኢቱ ነው። ስሙም «መውደቅ» ይባላል፤ በር ላይ በትልቁ ተለጥፎ ነበር። እህቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ትዘምማለች፤ ሰው «ኧረ ይሄ ምኑ ነው ቲያትር!» ብሎ ማጉረምረም ሲጀምር ዘጭ ትላለች። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ገብተው በተመልካቹ መሐል ወደ ውጭ ያወጧታል። ፊተኛው ተሸካሚ እኔ ነኝ፤ ኋለኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ክብደቱ ያረፈው ግን እኔ ላይ ነው። መንገድ ዳር ስናስቀምጣት ትነሣለች፤ ቀጥ ብላም ትቆማለች። ተከትሎን የወጣ ስትነሣ ያያታል፤ ወንበሩ ላይ የቀረ እንደወደቀች ይዟት ቤቱ ይገባል። መላው ነገሩ ይኸው ነው። ለመጽሐፉ እንዲጽፉ የላኳቸው ባለሙያ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። አልፈርድባቸውም፤ ውጭ ይዘንብ ነበር። እንዲያውም ቃሬዛ ስሸከም ፊቴን ያጨማደድኩት እውነት እስኪመስላቸው በሙያ ከነበረ፣ በመንግሥት ደረጃ ስለተመሰከረልኝ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ እህቴ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አዲስ ሥራ ስትሠራ ቆይታ አዳራሽ ልትጠይቅ ሄደች። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ መልካም ሰው ነው፤ ስላነበበ ብቻ ነው የጎዳን። መጽሐፍዎን ከመደርደሪያው አውርዶ ጣቱን መስመሯ ላይ ካሳረፈ በኋላ «እትዬ፣ እኔ እኮ አድናቂሽ ነኝ፤ ግን ብትወድቂብኝስ?» አላት። «መውደቄማ አይቀርም፤ ሥራዬ ነው» አለችው። ይህን ባትል ይሻል ነበር። ለማንኛውም እስከ ሐሙስ መሥሪያ ቤትዎ «የተጻፈው ስህተት ነው» ብሎ ካልጻፈለት አዳራሹን ለፍራሽ ሻጮች ዐውደ ርእይ ይሰጠዋል። እዚያ እንኳ የሚወድቅ ሰው አይጎዳም።

ሦስተኛ፣ ወደ እርስዎ ቢሮ ስንመጣ የመዳኗን ማስረጃ ከሐኪም እንድናመጣ በአክብሮት ተነገረን። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ፣ «እሺ፣ ከምን ዳነች ብዬ ልጻፍ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ጤነኛ ናት ብሎ ጻፈልን። የእርስዎ ሰዎች ወረቀቱን አገላብጠው «ይሄ ጤነኛ ናት ይላል እንጂ ድናለች አይልም» አሉን። በመጨረሻ እህቴ ራሷ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ጠረጴዛቸው ፊት በአንድ እግሯ ቆመች። ቆማ ቆማ እነሱ ሻያቸውን ጨረሱ። ከዚያ አንደኛው ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ወንድሜ፣ እሳቸው ተዋናይት አይደሉ እንዴ? ጤነኛ መስለው ቢሆንስ?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ስታስመስል አመናችኋት፤ የእውነቷን ስትቆም ትወና ነው አላችኋት። እንዲህ ያለ ተመልካች ያገኘ አርቲስት ከዚህ ወዲያ ምን ይመኛል?

አራተኛ (አይስጉ፣ ቁጥር እስከ ሺህ ብማርም እዚህ ላይ አቆማለሁ)፣ ሰፈሩ በሙሉ አንባቢ ሆኗል። ባለሱቁ ሲያያት ወንበር ያወጣላታል። ፈጠን ብላ ከሄደች «ኧረ ቀስ በይ እናቴ!»፣ ከሳቀች «ጎሽ፣ መሳቅ ለበሽታ ጥሩ ነው»፣ ከተቆጣች ደግሞ «አይ፣ ሕመሙ ነው እኮ» ይሏታል። ደህና ነኝ ባለች ቁጥር የሚያዝኑላት ይበዛሉ። እህቴ ጠዋት ጠዋት ለልምምድ ወንበሯን በጀርባዋ አዝላ ኮሪደሩን ስትመላለስ ነበር የምታነቃን። አሁን ትቀመጥበታለች። ትናንት ደረጃ ስትወጣ መደገፊያውን ያዘች። ይዛ አታውቅም። እኔ ፒያኖ ተሸክሜያለሁ፣ የብረት ካዝና ተሸክሜያለሁ፤ ያቺ እጇ መደገፊያው ላይ ስታርፍ ያየሁትን ግን የማወርድበት ቦታ አጣሁ።

የምለምነው ትንሽ ነው። መጽሐፉ ይቃጠል አላልኩም፤ ባለሙያው ይቀጡ አላልኩም። «ተነሥታለች» የምትል አንዲት ቁራጭ ወረቀት በእርስዎ ማኅተም ታትማ ገጹ ላይ ትለጠፍልኝ። ሙጫው ከእኔ ነው፤ ለጣፊውም እኔ ነኝ። መጽሐፉ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞርኩ በነጻ እለጥፋለሁ፤ እግረ መንገዴንም የሚነሣ ቁም ሳጥን ካለ አነሣለሁ። ሐሙስ ግን ደርሷል፤ እባክዎ።

ስብሰባዎ እስኪያልቅ ደጅዎ ላይ በትዕግሥት የሚጠብቀው፣ ለጊዜው በጤና የሚገኘውና እናንተ ሌላ እስክትጽፉበት ድረስም በጤና እንደሚቆይ ተስፋ የሚያደርገው፣ የሸምበቆ ታናሽ ወንድም፣ የቃሬዛው ፊተኛ ተሸካሚ፣
ክሬኑ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲቷን ግን ፈጥሬያታለሁ። እህቴ ከት ብላ አልሳቀችም። «አንተ ገና ጀማሪ ነህ፤ አሳስተኸው ይሆናል፤ እስቲ ድገመው» ነው ያለችኝ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታነባለች፤ መጽሐፉን ከእጄ ልትወስደው ትችል ነበር፤ እጇን አልዘረጋችም። ደገምኩላት። ምነው የተሳሳትኩት እኔ በሆንኩ እያልኩ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየተጫንኩ ደገምኩላት። ክቡር ሆይ፣ እኔ አልተሳሳትኩም።