ፈረሱ ውሃ አልጠጣም

ይድረስ ለልጄ እናት፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጃችንስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? ወንድምሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ምግቡን እበላለሁ፣ ሥራውን እሠራለሁ፤ እንቅልፍ ላይ ብቻ ትንሽ እገላበጣለሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ይህን ማን ጻፈለት እንዳትዪ። እኔው ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ገብቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጡት ሽማግሌ መነጽራቸው ተሰብሮባቸው ነበር፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። አስተማሪዋ አንዱን ደብተሬን ለሌሎች ማሳያ ይሆናል ብላ ወስዳዋለች። የምን ማሳያ እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረው ሰውዬ ዛሬ መንገድ ላይ ያለ ጽሑፍ ሳያነብ አያልፍም። "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚለውን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፤ ለካ ያ ሁሉ ሰው እዚያ ሲያየኝ የሚስቀው ወድዶኝ አልነበረም።

የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ፣ በር በሌላት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ ኮምፕሬሰሩ መጥፋቱን ላይ፣ አንዴ እጄን ልታጠብ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። የተጣመመ ቆርቆሮ የሚያቀናው ባልደረባዬ "ምን ያቁነጠንጥሃል፣ ጉንዳን ላይ ተቀመጥክ እንዴ?" እያለ ይስቅብኛል።

ወንድምሽ ያመጣልኝን መልእክት አልረሳሁም። "የሆነውን በራሱ እጅ ይጻፍልኝ፤ አንብቤ ልመለስ ወይ ልቅር እወስናለሁ ብላለች" ነው ያለኝ። ትምህርቱንም የገባሁት ለዚሁ ነው። እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ፊልም ላውራሽ፤ ነገሩ የተገለጠልኝ እዚያ ነውና።

ቀዩ ብለን ስም ያወጣንለትን ዳይሬክተር መቼም አትረሺውም። ስንት እሑድ ከሰዓት አብረን ፊልሙን አየን? አንቺ ከስር የሚሮጠውን የአማርኛ ትርጉም በጆሮዬ እያነበብሽልኝ፣ እኔ ዓይኔን ሰይፉ ላይ ተክዬ። ሌላው ተመልካች ደም ያያል፤ እኔ ግን የመኪና ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ ሥራ ነው የማየው። ያንን የወፍጮ ቤቱን ፊልም አስቢው። ዱቄቱ ቤቱን ሞልቶት ግድግዳው ነጭ፣ የሰዎቹ ቅንድብ ሳይቀር ነጭ። ሰውየው ሰይፉን ይዞ አንዴ ዞር ሲል ቀዩ እንደ ጉም ተረጭቶ ግድግዳው ላይ እኩል ያርፋል። አንዲት ጠብታ አትንጠባጠብም። እኔ፣ የተጋጨ መኪና እንዳልተጋጨ አድርጌ የማስረክበው ሰው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ እርጭት የረጨሁት ሁለቴ ብቻ ነው። አርባ ሰው ይወድቃል፣ አንድም አይጮኽም፤ ዱቄቱ ብቻ ቀስ እያለ ከላይ ይወርዳል። ልቤ ጮቤ ይረግጣል።

መጨረሻ ላይ ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ትለዋለች። አንቺ እንዲህ ብለሽ ነበር ያነበብሽልኝ፤ "ደጅ ያሉትን ሰዎች አልፈራም። የምፈራው ያንተ ኮቴ በሩ ላይ ሲቆም ነው።" እኔ ጭኔን መታሁ። ይሄ ደራሲ ምን በልቶ ነው የጻፈው አልኩሽ። አንድ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ እንደ ራሴ ንግግር ስደጋግመው ኖርኩ።

ባለፈው ወር ፊልሙ ተመልሶ መጣ። ከእንግዲህ አንባቢ አያስፈልገኝም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ብቻዬን ገባሁ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆመች፣ ጽሑፉ መጣ። ፊደል ስለቅም ያመልጠኛል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ አላመለጠኝም። "ፈረሱ ውሃ አልጠጣም። ዝናብ ሊመጣ ነው።" ይላል።

ጽሑፉን ለውጠውታል ብዬ እየተንገበገብኩ ወጥቼ ትኬት ቆራጩ ላይ ጮህኩበት። ረጋ ብሎ "ጋሼ፣ እዚህ ሥራ ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያ ፈረስ አንድም ቀን ጠጥቶ አያውቅም" አለኝ። ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ዝቅ ብዬ አየሁ፤ የሰውየው ኮሌታ እጄ ውስጥ ነው። መቼ እንደጨበጥኩት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የቀዩን ፊልሞች እያሳደድኩ አየኋቸው። ወንዶቹ የሚሉትን አንዲት ቃል ሳታጎድዪ ነው ያነበብሽልኝ። የሴቶቹን ብቻ ነው ከራስሽ ያመጣሽው። ጀልባው ላይ ያለችው ሴት "ሳህኑን ስለሰበርኩ አይደለም የተደበቅኩት፤ ስሜን ስትጠራ ሰምቼ ነው" አላለችም ለካ። ወንዙን መቼ እንደሚሻገሩ ነው የምትጠይቀው። ደረጃው ላይ ያለችውም "ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማለች" አላለችም። "ጎረቤታችን ሄደዋል" ነው ያለችው። እኔ አጠገብሽ ለውዝ እየቆረጠምኩ "ይቺ ሴት እውነቷን ነው፣ ሰውየው ግን ደንቆሮ ነው" እልሽ ነበር። አንቺም "ነው" ትዪኝ ነበር።

እንግዲህ የሆነው። ያን ማክሰኞ ለጎረቤቶቹ የቁም ሳጥን በር መታኝ አልሻቸው። ወንድምሽ መጥቶ ሲጠይቀኝ እኔም ያንኑ ደገምኩለት። ያንን ቁም ሳጥን ከእኔ ጋር ተሸክሞ ደረጃውን ያወጣው እሱ ነው። በር የለውም፤ መጋረጃ ነው ያለው።

እዚህ ላይ አራተኛ ጊዜ ተነስቼ ነበር። ተመልሻለሁ።

ከፊልሞቹ በአንዱ ማንም የማይሞትበት ቦታ አለ። ሰውየው ከመደርደሪያ ላይ ኩባያ ሊያወርድ እጁን ያነሳል፤ ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ትቀብራለች። ጽሑፍም የለውም፣ ያልፋል። ያን ቦታ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ደም የለበትም ብዬ ሁልጊዜ ለውዝ ልገዛ እወጣ ነበር። አሁን ሳየው የሳሎኑን አምፖል የቀየርኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ወንበር ላይ ቆሜ እጄን ሳነሳ አንቺም ልክ እንደዚያ ሆንሽ። እኔ ደግሞ እንዳልወድቅ የሰጋሽልኝ መስሎኝ "አትፍሪ፣ አልወድቅም" አልኩሽ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስቴ እንዴት እንደምትሳሳልኝ ብታይ እያልኩ ለባልደረባዬ አውርቻለሁ።

አስተማሪዋ "በንዴት የተፈጸመ ስህተት ነው" ብዬ እንድጽፍ መክራኝ ነበር። ያማረ አረፍተ ነገር ነው። ግን ያን ቀን አልተናደድኩም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፣ በቃ። አንቺ የጠየቅሽኝ ቃል አራት ፊደል ነው፤ መታሁሽ። ገጽ እስኪሞላ ጽፌው፣ ገጹን ከደብተሬ ቀድጄ ከዚህ ጋር አጥፌ አስገብቼልሻለሁ።

ወንድምሽ ደግሞ "ቤቱ ዝግጁ ነው፣ ነይ ብለህ ጨርሰው" ብሎኛል። ቤቱማ ዝግጁ ነው። የልጅቷን ክፍል ሦስት እጅ ቀብቼላት እንደ አዲስ መኪና ያበራል፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው ልጅ በሰፈሩ የለም። ግን ትናንትና እንኳ ሲኒማ ቤት ነበርኩ። አርባው ሰው ሲወድቅ አሁንም ደስ ይለኛል። ያ ደስታ እስክሪኑ ላይ ይቀር እንደሆነ ወይም ከእኔ ጋር ቤት ይገባ እንደሆነ ገና አልለየሁትም። የኮሌታው ነገር ካለፈ ወር አልሞላውም።

ስለዚህ ገና አትምጪ። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ምላሴ ጣፋጭ ነው፣ አሁን ደግሞ ብዕሬም ተጨመረበት። በሚቀጥለው ሳምንት ናፍቆቱ ብሶብኝ፣ ያማረ ደብዳቤ ጽፌ ነይ ልልሽ እችላለሁ። ያን ጊዜ ያንን አስቀምጪና ይህንን አውጥተሽ አንብቢ።

ፈጣሪ ለአንቺም ለልጃችንም ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ይስጣችሁ። ደጃችሁን የሚያንኳኳ ሁሉ በመልካም ይምጣ። ወንድምሽን ስለ ቁም ሳጥኑ ይቅር በለኝ ብሏል በዪልኝ።

የልጅሽ አባት